ሽንት አንባቢዎቹ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በተሳሉ ሥዕሎች ውስጥ ንጉሥ በዘውዱ፣ ጳጳስ በበትሩ ይታወቃል። ሐኪም የሚታወቀው ደግሞ ወደ ብርሃን አንሥቶ ትኩር ብሎ በሚያየው የመስተዋት ዕቃ ነው። ዕቃው ማቱላ ይባላል። የጠጅ ብርሌን አንገቱን ሰፋ፣ ከንፈሩን ወደ ውጭ ገለጥ አድርጎ ለሚያስብ ሰው ቅርጹ ወዲያው ይታየዋል፤ ውስጡ ያለው ግን የበሽተኛ ሽንት ነው። በእኛ ስንክሳር በኅዳር ወር የሚታሰቡት፣ ያለ ክፍያ ያክሙ የነበሩት ሰማዕታት ቆዝሞስና ድምያኖስ ሳይቀሩ በአውሮፓ ሥዕሎች ላይ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ዕቃ ይዘው ይታያሉ።

የዛሬ አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ሽንት ለምን እንዲህ እንደከበረ ግን ቢጠይቅ ይጠቀማል፤ የዘመኑ ሰው ስለ ገላው የነበረው ዕውቀት ሁሉ መልሱ ውስጥ አለና። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከግሪኮች ይጀምራል። በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት ድርሳናት አንዱ የሰው ገላ በአራት ፈሳሾች የቆመ ነው ይላል፦ በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት። በ129 ገደማ የተወለደውና በወጣትነቱ ለትርዒት የሚፋለሙ ግላዲያተሮችን ያክም የነበረው የጴርጋሞኑ ጋሌን ይህን ሐሳብ አስፋፍቶ ሙሉ ሥርዓት አደረገው። ደም እንደ አየር ሙቅና እርጥብ ነው፤ ቢጫ ሐሞት እንደ እሳት ሙቅና ደረቅ፤ አክታ እንደ ውኃ ቀዝቃዛና እርጥብ፤ ጥቁር ሐሞት እንደ መሬት ቀዝቃዛና ደረቅ። የሰው ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። የአራቱ ባሕርያት ሐሳብ ከግሪክ ፍልስፍና ተነሥቶ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዓለም የተዳረሰ ነው። በሐኪሞቹ እጅ ግን የየዕለት ሥራ መሣሪያ ሆነ።

ጤና ማለት የአራቱ ፈሳሾች መመጣጠን ነበር። ልኩ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። ወጣት ይሞቃል፣ ሽማግሌ ይቀዘቅዛል፤ በአውሮፓ የሙቀት ወራት ቢጫ ሐሞት፣ በብርዱ ወራት አክታ ያይላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ትኩሳት ተኝተው ለየቅል መድኃኒት ቢታዘዝላቸው ማንም አይገረምም። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ንዴትና ስለ ሐዘን ሳይቀር ይጠይቃል። ይህ ክፍል፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ዛሬ በአምስት ደቂቃ ከሚጠናቀቀው ምርመራ የተሻለ ነው።

ወደ ሽንቱ እንመለስ። በጋሌን ትምህርት ምግብ በሆድ ውስጥ በገላ ሙቀት ይበስላል፤ ከዚያ ወደ ጉበት ተሻግሮ ዳግም ይበስልና ደም ይሆናል። ደምን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ሰውነትም ያንን ደም እየተመገበ ይጨርሰዋል እንጂ ዞሮ አይመለስም። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ውኃ በኩላሊት ተጣርቶ ይወጣል። እንግዲህ ሽንት ከጉበትና ከደም ሥሮች አልፎ የመጣ ነው። ሕያው ሰው ተከፍቶ አይታይ፤ ጋሌን ራሱ የከፈታቸው ዝንጀሮዎችንና አሳማዎችን እንጂ የሰው ሬሳ አልነበረም። በየቀኑ ከውስጥ የሚወጣና በብርሃን የሚታይ ነገር ካለ ሐኪም ምን ብሎ ይተወዋል?

ዕውቀቱ ወደ ላቲኑ አውሮፓ የዘለቀው በዐረብኛ በኩል ነው። ግብፅ ተወልዶ በቱኒዝያዋ ቀይረዋን ያገለገለው አይሁዳዊው ሐኪም ኢስሐቅ እስራኤሊ ስለ ሽንት የጻፈውን መጽሐፍ፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን አፍሪካ ወደ ጣልያን ሄዶ በሞንቴ ካሲኖ ገዳም የመነኮሰው ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊ ወደ ላቲን ተረጎመው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ሐኪም ዢል ደ ኮርቤይ ደግሞ ተማሪ በቃሉ እንዲይዘው ትምህርቱን በግጥም አዘጋጀው።

ንባቡ ደንብ ነበረው። በ1037 የሞተው ኢብን ሲና ቀኖን በተባለው መጽሐፉ ሽንቱ የማለዳ፣ የመጀመሪያው፣ ከምግብና ከመጠጥ በፊት የተያዘ ይሁን ይላል። በሽተኛው እንደ ሳፍሮን ያለ ቀለም ያለው ነገር መብላት የለበትም፤ ሂና የተቀባ ሰው ሽንትም ሊያሳስት ይችላል። ይህን ያለ ሰው በዘፈቀደ አይገምትም፤ ምርመራውን ምን ሊያበላሸው እንደሚችል አስቦበታል። ከዚያ ቀለም ይታያል፤ መጻሕፍቱ ከውኃ ቀለም እስከ ጥቁር ሃያ ያህል ቀለሞችን ይለያሉ፣ አንዳንዶቹም ሃያውን በክብ ሥዕል ደርድረው ያሳያሉ። የነጣና የቀጠነ ከሆነ ብርድ በዝቷል፣ ምግቡም አልበሰለም፤ የቀላና የወፈረ ከሆነ ደም አይሏል። የማቱላው ከፍታም የገላ ካርታ ነው፦ ከላይ ያለው ክብ ስለ ራስ፣ ቀጥሎ ያለው ስለ ደረት፣ መካከሉ ስለ ጉበትና ሆድ፣ ታች የረጋው ስለ ኩላሊትና ፊኛ ይናገራል።

ከዚህ ውስጥ ዛሬም የሚያስኬድ አለ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሽንቱ ይጠቁራል፤ ኩላሊቱ ጠጠር የያዘ ሰው ደም ሊሸና ይችላል። ችግሩ የመጣው ዕቃው በሽተኛውን የተካ ጊዜ ነው። ቤተሰብ ሽንቱን በመልእክተኛ ይልካል፤ ሐኪሙ የሰውየውን ፊት ሳያይ ይፈርዳል። ከዚያ ወዲያ ሐኪምን መፈተን እንደ ጨዋታ ተያዘ። የዛንክት ጋለን ገዳም ዜና መዋዕል በ10ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረው መነኩሴና ሐኪም ኖትከር አንድ ወግ ይተርካል። የባቫርያው መስፍን ሊያታልለው ብሎ የአንዲት ነፍሰ ጡር አገልጋይ ሽንት የራሱ አስመስሎ ላከለት። ኖትከር አይቶ፣ እግዚአብሔር ተሰምቶ የማያውቅ ተአምር ሊያደርግ ነው፣ መስፍኑ በወር ጊዜ ውስጥ ልጅ ይወልዳል ብሎ መለሰ። መስፍኑ አፍሮ ስጦታ ላከለት፤ ልጅቷም ወለደች ይላል ታሪኩ።

እንደ ኖትከር ያልታደሉትስ? በ1311 በሞተው በካታላኑ ሐኪም በአርናልዶ ዘቪላኖቫ ስም የሚጠራ አንድ ጽሑፍ ለነሱ ምክር አለው። ከሽንቱ ምንም ካላገኘህ ጉበቱ ተደፍኗል በል። ዘመዱ፣ አይደለም፣ የሚያመው ራሱን ነው ካለህ፣ የራስ ምታቱ የመጣው ከጉበት ነው በል። መደፈን የሚለውን ቃል አትልቀቅ፤ ሰዎቹ ትርጉሙን አያውቁትም፣ አለማወቃቸውም ይጠቅምሃል።

ሰው ይህን አንብቦ በብልጣብልጥነቱ ይስቃል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ በሥርዓቱ ሕግ መልሱ ስሕተት አይደለም። ጉበት ደምን ከሠራ፣ ደም ሁሉን ከመገበ፣ የራስ ምታት ከጉበት የማይመጣበት ምክንያት የለም። በሽተኛው ቢድን መድኃኒቱ ሠራ፤ ቢሞት ፈሳሾቹ ቀድመው ተበላሽተው ነበር። የአራቱ ፈሳሾች ሕክምና ከሺህ ዓመት በላይ የኖረው ሐኪሞቹ ሞኞች ስለነበሩ ነው ማለት ይቀላል። እኔ ግን ያቆየው ለሁሉም ነገር መልስ ስለነበረው ይመስለኛል። ሥልጠናውም ይህን ያጠነክራል፤ የአጼ ፍሬድሪክ 2ኛ የሲሲሊ ሕግ ሐኪም ሊሆን የሚፈልግ ሰው አምስት ዓመት ሕክምና ከመማሩ በፊት ሦስት ዓመት ሎጂክ እንዲማር ያዝዛል።

ስለ ሕክምናው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የበዛውን መቀነስ ነበር። የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ የሚያስመልስ መድኃኒት፣ እኛ ዋግምት የምንለው፣ ከሁሉም በላይ ደም ሥር ከፍቶ ደም ማፍሰስ፣ ያውም ጨረቃ የት ቤት እንደገባች ታይቶ። ስለቱን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን ቀዳጁ ወይም ጸጉር ቆራጩ ነበር፤ የ1215ቱ የላተራን ጉባኤም ከፍ ያለ ማዕርግ ያላቸው ካህናት በመቁረጥና በመተኮስ እንዳያክሙ ከልክሏል። እነዚህ የተናቁ ባለ ስለቶች ግን ውጤቱን በዓይናቸው ያያሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቴዎዶሪክ ቦርጎኞኒ፣ ቁስል መመገል አለበት የሚለውን ልማድ ተቃውሞ፣ በወይን ጠጅ አጥቦ መዝጋት ይሻላል ብሎ ጻፈ።

ከውስጥም የተነሣ ተጠራጣሪ ነበር። ጋሌን ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከሉ ባለው ግድግዳ ላይ በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ አስተምሯል። በ1242 ገደማ ካይሮ ውስጥ ኢብን አን-ነፊስ የኢብን ሲናን መጽሐፍ ሲያብራራ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ቀዳዳ የለውም፤ ደሙ ወደ ሳንባ ሄዶ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ግራው ይመለሳል አለ። ትክክል ነበር። ማብራሪያው ግን ሳይታወቅ ኖሮ በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው፤ እንግሊዛዊው ሃርቪ የደምን ዝውውር ካሳተመ ከ1628 ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ሲመጣ የፓሪስ ሊቃውንት ከሦስት ዓመት በፊት ሳተርን፣ ጁፒተርና ማርስ በአንድ ኮከብ መግጠማቸው አየሩን እንደበከለው ለንጉሣቸው ጻፉ። በአቪኞን የጳጳሱ ሐኪም ጊ ደ ሾልያክ የበለጠ ሐቀኛ ነበር፤ ራሱም በወረርሽኙ ታሞ ተርፏል። ሐኪሞች በሽተኛ ለመጎብኘት እንደፈሩ፣ የጎበኙትም ምንም እንዳልፈየዱ፣ ነገሩም ለሙያው ኀፍረት እንደሆነ ጽፏል።

ማቱላው ከዚህ በኋላም ረዥም ዕድሜ ኖረ፤ ክብሩ ግን እየቀለለ ሄደ። በ1637 ቶማስ ብራያን የተባለ እንግሊዛዊ ሽንት አይተው የሚፈርዱትን ሁሉ ነቢያት ናቸው ብሎ የሚሳለቅ መጽሐፍ አሳተመ። በ1674 ቶማስ ዊሊስ የስኳር በሽተኞች ሽንት እንደ ማር እንደሚጣፍጥ ጻፈ፤ የሕንድ ሐኪሞች ይህን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቁት ነበር። በ1776 ደግሞ ሊቨርፑል ውስጥ ማቲው ዶብሰን የበሽተኛውን ሽንት በእሳት አተነነው፤ የቀረውን ነጭ ዝቃጭ ቀመሰው፤ ስኳር ነው አለ።