እግሩ ተገጠመ፣ መንገዱ ግን ገና ነው፦ ስለ ሰው ሠራሽ እግርና ስለ እርዳታ ማሰባሰብ ተረትና እውነታ

እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ቶኒ ሃጅል የተባለ የአምስት ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ በሁለት ሰው ሠራሽ እግሮችና በክራንች ተደግፎ በአንድ ወር ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ለመራመድ ተነሣ። ገና በጨቅላነቱ በደረሰበት ከባድ ጉዳት የተነሣ ሁለቱም እግሮቹ ተቆርጠዋል። በዚያው ዓመት 100ኛ ልደታቸውን ያከበሩት ካፒቴን ቶም ሙር ለእርዳታ ገንዘብ ለማሰባሰብ በግቢያቸው ሲመላለሱ አይቶ ነበርና፣ እሱም ሕይወቱን ላተረፈለት ለኤቬሊና ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል 500 ፓውንድ ለማግኘት አሰበ። ወሩ ሲያልቅ የተሰበሰበው ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ።

እንዲህ ያለ ወሬ ልብ ይነካል፤ እጅንም ወደ ኪስ ይሰዳል። ነገር ግን ስለ ሰው ሠራሽ እግር የምናምነው ነገር የተሳሳተ ከሆነ፣ የምንሰጠው ገንዘብም ሳይጠቅም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ደጋግመን የምንሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት፦ «እግሩ ከተገጠመ በቃ፣ ይራመዳል።»

እውነታ፦ ሰው ሠራሽ እግር እንደ ጫማ ተገዝቶ የሚጠለቅ ዕቃ አይደለም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁስሉ መዳን፣ እብጠቱም መቀነስ አለበት። ከዚያ ባለሙያው የቀረውን የእግር ክፍል ቅርጽ በጄሶ ይወስድና ሶኬት የሚባለውን ማቀፊያ ይሠራል። የሰውየው ክብደት የሚያርፈው በዚህ ማቀፊያ ላይ ነው። ትንሽ ከጠበበ ወይም ከሰፋ ቆዳው ይላጣል፤ ቆዳው ከቆሰለ ደግሞ እስኪድን ድረስ እግሩን አውልቆ መቀመጥ ነው።

በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለጥቂት ጊዜ ብቻ አድርጎ ማውለቅ፣ ቆዳውን መፈተሽ፣ ሰዓቱንም ቀስ በቀስ መጨመር ግድ ይላል። ሚዛን መጠበቅ፣ ቁልቁለት መውረድ፣ ወድቆም መነሣት ሁሉ እንደ አዲስ የሚጠኑ ትምህርቶች ናቸው። ቶኒ ያንን ወር ሲጀምር አዲሶቹን እግሮች ገና እየተለማመደ ነበር። 10 ኪሎ ሜትር ለ30 ቀናት ሲካፈል በቀን ወደ 330 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለሌላው ሰው እስከ ሰፈር ሱቅ ደርሶ እንደ መመለስ ነው፤ ለእሱ ግን ትልቅ የቀን ሥራ ነበር።

ተረት፦ «ከጉልበት በላይም ይቆረጥ ከጉልበት በታች፣ አንድም ይሁን ሁለት፣ ችግሩ ያው ነው።»

እውነታ፦ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጉልበቱ የተረፈለት ሰው ከወንበር ሲነሣም ሆነ ደረጃ ሲወጣ የራሱን መገጣጠሚያ ይጠቀማል። ከጉልበት በላይ የተቆረጠበት ግን ሰው ሠራሹን ጉልበት የሚያዘው ከዳሌው ነው፤ ለእያንዳንዱ እርምጃም እጅግ የበዛ አቅም ያወጣል። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በላይ የተቆረጡ ከሆኑ የሚደገፍበት ጤነኛ እግር የለውም። ብዙዎች ልምምዱን መጀመሪያ ጉልበት በሌላቸው አጫጭር እግሮች ጀምረው ቁመቱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳድጉት ለዚህ ነው።

የኔፓል ተወላጁና የቀድሞው የእንግሊዝ ጦር ወታደር ሃሪ ቡዳ ማጋር እ.ኤ.አ. በ2010 አፍጋኒስታን ውስጥ በፈንጂ ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበት በላይ አጣ። ኔፓል በ2017 እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ኤቨረስትን እንዳይወጡ ብትከለክልም፣ ክልከላው ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ታገደ። ሃሪም በሜይ 2023 ጫፉ ላይ ቆመ፤ በጉዞውም ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ አሰባሰበ። ከጉዳቱ እስከ ተራራው ጫፍ ግን 13 ዓመታት አልፈዋል።

ተረት፦ «የሌለ እግር አያምም፤ ሐሳብ ነው።»

እውነታ፦ ሕመሙ እውነተኛ ነው። እግሩ ቢቆረጥም ወደ እሱ ይሄዱ የነበሩት ነርቮችና እግሩን የሚያውቀው የአንጎል ክፍል አሉ። ስለዚህ ሰውየው የሌለው ጣቱ ሲቃጠል ወይም ሲጨመደድ ይሰማዋል። መድኃኒትና ልዩ ልዩ ልምምድ ብዙዎችን ያግዛል፤ «እርሳው» የሚል ምክር ግን ማንንም አያድንም።

ተረት፦ «አንዴ እግር ከገዛንለት ግዴታችንን ተወጥተናል።»

እውነታ፦ ከስህተቶቹ ሁሉ ብዙ የሚጎዳው ይህ ነው። ልጅ ያድጋል፤ ዘንድሮ የተሠራለት እግር በሚቀጥለው ዓመት ሊያጥረው፣ ማቀፊያውም ሊጠበው ይችላል። አዋቂም ቢሆን ሰውነቱ ሲከሳና ሲወፍር ልኩ ይለወጣል፤ የውስጥ ሽፋኑ ያልቃል፣ መገጣጠሚያው ይላላል። እግሩ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቀየር አለበት። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የቼሻየር ማዕከል መናገሻ ላይ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ሲያገለግል የኖረው ነገሩ የአንድ ቀን ሥራ ስላልሆነ ነው። ለእግሩ ተዋጥቶ ለጥገናው፣ ለፊዚዮቴራፒውና ለመመላለሻው ካልታሰበ፣ ያ ውድ እግር አልጋ ሥር ተጥሎ ይቀራል።

ተረት፦ «አካል ጉዳተኛ ገንዘብ ካሰባሰበ ያው ልመና ነው።»

እውነታ፦ ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አጣ። ሆስፒታል ሳለ ያያቸው የካንሰር ታማሚ ልጆች ከልቡ አልወጡም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ አገሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሩጫ ሊያቋርጥ ተነሣ። ሰው ሠራሽ እግሩ ለእርምጃ እንጂ ለሩጫ የተሠራ አልነበረም፤ የቀረው የእግሩ ክፍል ይቆስልና ይደማ ነበር። በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ ካንሰሩ ወደ ሳንባው ስለተዛመተ አቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት በ22 ዓመቱ ዐረፈ።

የጠየቀው ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ ሳይሞት አየው። በስሙ በየዓመቱ የሚደረገው ሩጫም እስካሁን ከ850 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ አሰባስቧል። ቴሪ ለራሱ አልጠየቀም፤ ድርጅቶች በሩጫው እንዲነግዱም አልፈቀደም። እሱ ተቀባይ ሳይሆን ሰጪ ነበር፤ ቶኒም እንደዚሁ።

ተረት፦ «እነሱ ከቻሉ ሌላውም ያልቻለው ሰንፎ ነው።»

እውነታ፦ ከቆራጥነታቸው ጋር ሐኪም፣ ባለሙያ፣ ልክ የሆነ እግርና ያላሰለሰ ክትትል ነበራቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት፣ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች እንደ ዊልቸርና መነጽር ያለ ቢያንስ አንድ ደጋፊ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያስፈልጋቸውን የሚያገኙት ግን ከ100 ሰዎች 3ቱ ብቻ ናቸው። ብዙዎችን ያስቀራቸው የአቅርቦት እጦት እንጂ የወኔ ማነስ አይደለም።

እንግዲህ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ የምትኖሩ፣ ለአንድ ሰው እግር መዋጮ ስትጀምሩ አስቀድማችሁ ባለቤቱን ጠይቁት። ፎቶው እንዲወጣ ይፈቅዳል? እግሩን ማን ይሠራዋል? ሲሰበር ወይም ሲጠብ ማን ያስተካክልለታል? በሦስተኛው ዓመትስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኛችሁ በኋላ ስጡ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ደውላችሁ «እግሩ እንዴት ነው?» በሉ።