አመል ነውን ወይስ ሕመም? ስለ እጅ ስልክና ስለ ትዳር ምክር

ድሬዳዋ በባቡር የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም ከደረሰባት ጀምሮ ለአገራችን የአዲስ ነገር በር ሆና ኖራለች። ሳፋሪኮም የተባለው የስልክ ኩባንያም በነሐሴ 2014 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሥራውን መሞከር የጀመረው በዚህችው ከተማ ነው። ነገር ግን በባቡር የመጣውን እንግዳና ዕቃ በጣቢያው በር ሁሉ ያየው ነበር፤ በእጅ ስልክ የሚገባውን ግን በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር እንኳ አያየውም። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ወይም በመጋላ ሱቅ ተቀምጦ ስልኩን የሚመለከት ሰው፥ የዕቃ ዋጋ ሲጠይቅ ይሁን የተራቆተ ሥዕል ሲያይ፥ አጠገቡ ያለው አያውቅም።

እንግዲህ በአንድ ቤት ሊሆን የሚችለውን እናስብ። ባል ባለቤቱ ከተኛች በኋላ የግብረ ሥጋ ሥዕል ሲመለከት ያመሻል። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ሚስቲቱ «ይህ ሰው ታሟል» ትላለች። እርሱም ወይ «ይህማ ምንም አይደለ» ብሎ ያቃልለዋል፥ ወይም «አእምሮዬ ተነክቷል» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። ሳይመረምሩ በሰጡት ስም ምክንያት ትዳር ይፈርሳል።

ስም በመስጠት የተሳሳቱ ሐኪሞችም ነበሩ። ከ260 ዓመት በፊት ገደማ ቲሶ የተባለ የስዊስ ሐኪም፥ ሰው ብቻውን የሚፈጽመው ፍትወት ዓይንንና አእምሮን ያጠፋል ብሎ ጽፎ፥ አውሮፓ ብዙ ዘመን በፍርሃት ኖራለች፤ በኋላ ግን የሕክምና ዕውቀት ይህን ሐሰት መሆኑን ገለጠ። በዘመናችንም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2005 ዓ.ም ባወጣው መጽሐፍ «ከመጠን ያለፈ ፍትወት» የሚባለውን ከሕመም ቍጥር አላስገባውም። የዓለም የጤና ድርጅት ግን በ2011 ዓ.ም ባጸደቀውና ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ጀምሮ በሚሠራበት መዝገብ፥ ሰው የፍትወቱን ግፊት ሊገታ አለመቻሉን ሕመም ብሎ ጻፈው። ሆኖም ከመጠጥና ከቁማር ሱስ ጋር አልደመረውም፤ ግፊትን መግታት ካለመቻል ሕመሞች ጋር መደበው።

የመዝገቡም ሚዛን ለቤተ ሰብ ይጠቅማል። ሰውየው ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ራሱን መግዛት አቅቶት፥ ደጋግሞ ሊተው ሞክሮ ተሸንፎ፥ ሥራውን፥ ጤናውንና ቤተ ሰቡን ጐድቶ፥ ደስታ ባያገኝበት እንኳ የሚቀጥል እንደ ሆነ ሕመም ነው። ነገር ግን ጭንቀቱ ሁሉ «ነውር ሠራሁ» ከማለት ብቻ የመጣ እንደ ሆነ፥ ይህ ብቻውን ሕመም አይባልም። ጸጸቱን ለንስሐ አባቱ ወይም ለሼሁ ይንገር፤ የተጐዳችውንም ባለቤቱን ይቅርታ ይጠይቅ። ሕመም አይደለም ማለት በደል የለበትም ማለት አይደለምና።

ስለዚህ ነገሩ የደረሰባት ወይዘሮ አስቀድማ ለጐረቤት ከማውራቷ በፊት ባሏን ለብቻው ትጠይቀው፤ ሚስት በሆነችበትም ጊዜ ባል እንዲሁ ያድርግ። ስልኩን ከመኝታ ክፍል ማውጣት ቀላል ጅምር ነው። ራሱን መግዛት ያቃተው ግን ሳያፍር ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂድ፤ ሕክምናው በይበልጥ ከሠለጠነ ሰው ጋር በመነጋገር የሚፈጸም ነው።

የልጆች ነገር ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን በጸያፍ ሥዕል የሚያሳየውን የሚያዘጋጀውንና የሚያሰራጨውን ይቀጣል። ይሁን እንጂ ሕግ በየጓዳው ሊገባ አይችልም። እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያይ የተገኘውን ልጅ የሚደበድብ አባት መደበቅን ያስተምረዋል፤ ያየው ነገር ለገንዘብ የተሠራ ጨዋታ እንጂ የትዳር እውነት አለመሆኑን ረጋ ብሎ የሚነግረው ግን ልጁ በሌላ ቀን በተቸገረ ጊዜ ወደ እርሱ እንዲመጣ መንገድ ይከፍትለታል።

በባቡር የሚገባውን የጉምሩክ ሹም ይፈትሸው ነበር፤ በስልክ ለሚገባው ግን በየቤቱ ያለን አባትና እናት እኛው ሹሞች ነን።