የሞላ ዋጋ ሱቅ ውስጥ አያልቅም

ዶላር ሲወደድ የመኪና ዕድሜ ይረዝማል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ አዲስ መኪና መግዛት ለብዙዎች የማይታሰብ ሆነ፤ ያለውን ጠግኖ ማቆየት ደግሞ ግዴታ። ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ይዞ ጠጠርና ጭቃ መንገድ የሚመላለስ ሰው የተኛ ባሌስትራውን ለውጦ፣ መኪናውንም በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አስደርጎ ሌላ አምስት ዓመት ሊሠራበት ያስባል። ታዲያ መለዋወጫ ሱቅ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛው ይረክሳል?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ዋጋው ከተጻፈበት ወረቀት ላይ አይገኝም። ርካሽ ሞላ ማለት በመኪናው የዘወትር ጭነት ልክ የተመረጠና በኪሎ ሜትር ሲሰላ ትንሽ የሚያስወጣ ነው።

በመጀመሪያ የሚገዛው ነገር ምን እንደሚያስገኝ በትክክል ማወቅ ያሻል። ከፍ የሚያደርግ ሞላ ወይም ባሌስትራ የሚያነሳው ቻሲውንና አካሉን ነው። የኋላው ዲፈረንሻል ከመሬት ያለው ርቀት በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም፤ እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ ያውም የጎማው ቁመት ከታች እስከ ላይ በ5 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ የሚነሳው በ2.5 ብቻ ነው። በሌላ በኩል የስበት ማዕከሉ ከፍ ይላል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.5 ሜትር ያለው፣ የስበት ማዕከሉም ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ላይ የሆነ መኪና እንውሰድ። ማዕከሉ በ4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዳይገለበጥ ያለው አቅም በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍታ በነፃ የሚገኝ ትርፍ አይደለም። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ቁመት 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ተኝቶ ከሆነ፣ ባለቤቱ «ከፍ ማድረግ» የሚለው በአብዛኛው የጠፋውን መመለስ ነው፤ ለዚህ የፋብሪካው ልክ የሆነ አዲስ ሞላ ይበቃዋል። እንደ እኔ ግምት ለብዙው ባለ መኪና ከሁሉም የሚረክሰው አማራጭ ይኸው ነው።

ገንዘብ ሳይታወቅ የሚባክነው ግን ውፍረት ላይ ነው። የጥቅል ሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር የሚያድገው በአራተኛ ርቢ ነው፤ የባሌስትራ ቅጠል ደግሞ በሦስተኛ ርቢ። በተግባር ሲታይ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሽቦው ከ14 ወደ 15 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ሞላው በ32 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ቅጠሉ ከ7 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሲወፍር ጭማሪው 49 በመቶ ይደርሳል። ይህን ልዩነት ዓይን አይለየውም፤ መኪናው ግን በየጉድጓዱ ያውቀዋል። ሻጩ «ይኼ የከባድ ጭነት ነው፣ አይሰበርም» ብሎ በተቀራራቢ ዋጋ ሲያቀርበው ገዢው የተጠቀመ ይመስለዋል። ዘወትር ሁለት ሰው ብቻ ይዞ የሚሄድ መኪና ላይ ያ ባሌስትራ አይታጠፍም። ስለማይታጠፍም ጎማው መሬቱን ይለቃል፣ ድንጋጤው ወደ ቻሲውና ወደ ሾክ አብዞርበሩ ይሄዳል፣ የጎደጎደ መንገድ ላይም አንዱ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል። ከመንገድ ውጪ እንዲሄድ የተገዛው ዕቃ ራሱ መኪናውን ከመንገድ ውጪ ያዳክመዋል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ሙሉ የጉዞ ዕቃና በርሜል ውሃ ጭኖ ወደ ዳናኪል የሚወርድ መኪና ለስላሳ ሞላ ቢገጠምለት በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይተኛል።

ወጪውን በኪሎ ሜትር እናስላው፤ አሃዞቹን ለማስረጃ ሳይሆን ለስሌት ብቻ እንውሰዳቸው። በ40,000 ብር የተገዛ ስብስብ 25,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ቢተኛ በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ60 ሳንቲም ያስወጣል። በ80,000 ብር የተገዛው 100,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል 80 ሳንቲም ብቻ። የመጀመሪያው ገዢ በተጨማሪ የእጅ ዋጋ አራት ጊዜ ይከፍላል፣ መኪናውም አራት ጊዜ ጋራዥ ይቆማል፤ በኪራይ ለሚሠራ ሰው የቆመበት ቀን ከዕቃው ሊወደድ ይችላል። ከሱቅ ወጥቶ የሚከተለው ወጪም አለ። መኪናው ከፍ ሲል የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፣ የፊት ጎማ አቀማመጥ እንደገና መስተካከል ይፈልጋል፣ አጭሩ ሾክ አብዞርበር መጨረሻው ላይ እየደረሰ ይመታል። ብዙ ፒክአፖች ላይ የኋላውን ፍሬን በጭነት ልክ የሚመጥን ቫልቭ አለ። ኋላው ከፍ ሲል ይህ ቫልቭ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፤ ሳይስተካከል ጭነት ቢጫንበት አደጋ ነው። እነዚህን ሳይጨምር የተነገረ ዋጋ ግማሽ ዋጋ ነው።

«እንግዲያው ውዱን ገዝቶ መገላገል ነዋ» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ገበያው ራሱ እንቅፋት ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አሳየ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦች ጋር ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች ዋነኛው ይኸው ነው። ገዢው ደኅናውን ከመናኛው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚከፍለው የመካከለኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ ደኅናው ዕቃ አያዋጣምና ከገበያ ይወጣል። ባሌስትራ ለዚህ ችግር የተመቸ ዕቃ ነው። ዋጋው ያለው በብረቱ ዓይነትና በሙቀት አሠራሩ ውስጥ ሲሆን፣ ሁለቱም ከጥቁር ቀለም ሥር ተደብቀዋል። የታወቀ ስም ያለበት ካርቶንም በቀላሉ ይታተማል። ስለዚህ ውድ መሆኑ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ምስክር የሚሆነው አስመሳይ ሊሰጠው የማይደፍረው ነገር ነው፦ በጽሑፍ የተሰጠ ዋስትና፣ ስንት ኪሎ ሲጫንበት ምን ያህል ቁመት እንደሚሰጥ የሚገልጽ ሰነድ፣ ልኩ ካልሆነ ዕቃውን ለመመለስ የሚያስችል ደረሰኝ። እነዚህን የሚሰጥ ሻጭ ጥቂት ሺህ ብር ቢጨምር ተገቢውን እየጠየቀ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ዛሬ 40,000 ብር ብቻ ላለው ሰው የኪሎ ሜትር ስሌት ምን ይጠቅመዋል? የዛሬ ብር ከነገ ብር ይበልጣል የሚለውም የኢኮኖሚክስ መሠረታዊ ሐሳብ ነው። ክርክሩ እውነት አለው፤ ሆኖም ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ሲደርስ ይላላል። ብር እየረከሰ ከሄደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ርካሽ ባሌስትራ የሚገዙት በመጀመሪያው ዋጋ አይደለም፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ዕቃ የወደፊቱን ወጪ በዛሬው ምንዛሪ ያስራል። ገንዘቡ በእርግጥ ካልደረሰ ደግሞ መቀነስ ያለበት ከፍታው ነው፤ ጥራቱ አይነካ። የተኛው ኋላው ብቻ ከሆነ ኋላውን ብቻ በፋብሪካው ልክ መለወጥ ይቻላል፤ የፊቱ ሞላ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። የቆየውን ባሌስትራ ማስጎበጥም መንገድ ነው፤ ግን ብረቱን በእሳት አግሎ መደብደብና እንዲሁ መተው የፋብሪካውን ጥንካሬ ያጠፋዋል። በዘይት አቀዝቅዞ፣ እንደገና በመጠነኛ ሙቀት ማብሰል የሚችል ጋራዥ ካልተገኘ ያ ባሌስትራ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል። ከፊት ሞላ ላይ ወፍራም ማስነሻ ቁራጭ ማስገባት ከሁሉም በዋጋ ያንሳል፤ የፊት ጎማን የሚያዞረውን ዘንግ መገጣጠሚያ በማይመች ማዕዘን እያሠራ ቶሎ ስለሚበላው ግን አልመክርም።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። መኪናውን ዘወትር በምትጭኑት ልክ ጭናችሁ ምድር ሚዛን ላይ አውጡት፤ የፊቱን ጎማዎች ለብቻ፣ የኋላዎቹን ለብቻ አስመዝኑ፤ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውንም ቁመት በሜትር ለኩ። ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ያዙና ሻጩን በዚህ ክብደት የትኛው ሞላ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሰጥ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ዋጋውን ሳትጠይቁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።