የወደብ ጠባቂ አዛዥ ከየት ይምጣ?

ወደብ የአገር በር ነው። በር ጠባቂው ካልታመነ የአጥሩ ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህም የወደብ ፖሊስ አዛዥ ከሠራዊቱ ውስጥ ያደገ ይሁን ወይስ በሌላ ሥፍራ የተፈተነ የሚለው ጥያቄ ሲያከራክር የኖረ ነው። ለዚህ ጥያቄ አብነት ይሆነን ዘንድ የኒውዮርክና የኒው ጀርሲን የወደብ ባለሥልጣን ፖሊስ እንመለከታለን።

ባለሥልጣኑ በ1921 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሁለቱ ግዛቶች የሚጋሩትን ወደብ በአንድነት ለማስተዳደር ነበር። ፖሊሱ ደግሞ በ1928 እ.ኤ.አ. በ40 ሰዎች ሁለት ድልድዮችን በመጠበቅ ሥራውን ጀመረ። ከዚያም ኃላፊነቱ እየሰፋ ሄዶ የመርከብ ማራገፊያዎችን፣ የአውሮፕላን ማረፊያዎችንና የዓለም ንግድ ማዕከልን ሕንፃዎች እስከመጠበቅ ደረሰ።

የዚህ ፖሊስ መሪዎች የመጡበት መንገድ አንድ አልነበረም። በ1996 እ.ኤ.አ. የበላይ አዛዥነቱን የያዙት ፍሬድ ሞሮኔ ከውጭ የመጡ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ፖሊስ ረጅም ዘመን አገልግለው እስከ ሌተና ኮሎኔልነት የደረሱ ሰው ነበሩ። ከሥራቸው የነበሩት የፖሊሱ አለቃ ጄምስ ሮሚቶ ግን በዚያው ፖሊስ ውስጥ ያደጉ ነበሩ። የማሠልጠኛ ትምህርት ቤቱን በአዛዥነት በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ሻምበል ካቲ ማዛ ደግሞ ቀድሞ የቀዶ ሕክምና ነርስ ነበሩ።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. እኛ ዘመን መለወጫን ስናከብር በዋልንበት ዕለት የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች በአውሮፕላን ተመቱ። ሞሮኔ ሕዝቡ ከሚሸሽበት ሕንፃ ገብተው ደረጃውን ወደ ላይ ሲወጡ ታዩ፤ አልተመለሱም። ሻምበል ማዛ የሕንፃውን የመስተዋት ግድግዳ በሽጉጣቸው ተኩሰው በመስበር ለሚሸሸው ሕዝብ መውጫ እንደከፈቱ ተመስክሮላቸዋል። በዚያን ዕለት ፖሊሱ 37 አባሎቹን አጣ።

በየካቲት 2002 እ.ኤ.አ. ፍርስራሹ ሲነሣ የአለቃ ሮሚቶ፣ የሻምበል ማዛ፣ የአንድ መቶ አለቃና የሁለት ተራ ፖሊሶች አስከሬን በአንድ ሥፍራ ተገኘ። አጠገባቸው በማዳኛ ወንበር ተሸክመው ሊያወጧት ሲጥሩ የነበረች አንዲት ሴት ነበረች። አለቃውም ተራውም ያንኑ ሸክም ተጋርተው ነበር።

ከዚያ በኋላም ባለሥልጣኑ ከውጭ ሰው መሾሙን አልተወም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የጸጥታ ዋና ኃላፊነቱን ለቀድሞው የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ ከፍተኛ ሹም ለጆሴፍ ደን ሰጥቷል። ክርክሩም ስለዚህ አላከተመም።

እኛ ግን አዛዥ ሲመረጥ የመጣበት ሥፍራ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ አይገባውም እንላለን። ከውጭ የመጣው ሞሮኔም፣ ከውስጥ ያደገው ሮሚቶም፣ ከሆስፒታል የመጣችው ማዛም በአንድ ቀን ወደ አንድ አደጋ ገብተዋል። ወታደሩም ሆነ የከተማው ነዋሪ ከአዛዡ የሚጠብቀው፣ ሌሎችን ወደሚያዝበት ሥፍራ ራሱም አብሮ እንዲገኝ ነው።