ጣሪያና ግድግዳ

ሐምሌ ሲገባ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ተደምሮ አጥንት ድረስ በሚሰማበት ሰሞን፣ ባለ ቤቶች ካርታቸውንና የአምናውን ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው ግብር ሊከፍሉ ይወጣሉ። ግብሩ በሕግ ስሙ የከተማ ቤት ግብር ነው፤ ሰው ግን «ጣሪያና ግድግዳ» ይለዋል። አጠራሩ ትክክል ነው። ቦታው የመንግሥት ስለሆነ ለቦታው የሚከፈለው ኪራይ ነው፤ የባለ ቤቱ የሆነው ከመሠረቱ በላይ የቆመው ብቻ ስለሆነ ግብሩም የሚያርፈው በጣሪያውና በግድግዳው ላይ ነው።

ሁለቱንም ክፍያ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ የመጣ ሕግ ነው። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ገማቾች ቤቱን ያያሉ፤ ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ ሰፈሩ ምን ደረጃ ላይ ነው፣ ለመኖሪያ ነው ወይስ ለንግድ? ከዚያ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣል ብለው ይገምታሉ። ግብሩ በዚህ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ይሰላል፤ ከ1 በመቶ ይጀምርና ግምቱ ከፍ ባለ ቁጥር እስከ 4.5 በመቶ ይወጣል።

ነፃ የሚሆኑትንም አዋጁ ዘርዝሯል። የእምነት ቦታዎች፣ የመቃብር ስፍራዎች፣ መንገዶችና አደባባዮች አይከፍሉም። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የመኖሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው፤ ዓመታዊ የኪራይ ግምቱ ከ300 ብር በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ከግብር ነፃ ነበር። ለወር ሲካፈል 25 ብር መሆኑ ነው። በዚያው ዘመን የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት የተወረሱ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተመድበው ነበርና፣ የ25 ብር ቤት ማለት በእርግጥም የድሃ ቤት ማለት ነበር። ሕግ አውጪው ማንን ሊያድን እንደፈለገ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ቁጥሩ ግን ሳይነካ ዓመታት ነጎዱ። ሽሮው፣ ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው፣ የቀን ሠራተኛው ዋጋ ሁሉ ሲወጣ የቤቱ ግምት ባለበት ቀረ። አዲስ አበባ እንኳ የ1968ቱን ስሌት ይዛ እስከ 2015 ዓ.ም. ዘልቃለች፤ በዚያ ዓመት ድንገት ከፍ ስታደርገው ነዋሪው ደነገጠ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። አንድ ስሌት እንሥራ። ዓመታዊ ግምቱ በ600 ብር ተመዝግቦ የቀረ ቤት በ1 በመቶ ሲሰላ በዓመት የሚከፍለው 6 ብር ነው። ለዚህ 6 ብር ደረሰኝ የሚቆርጠው ሠራተኛ የሚያጠፋው ሰዓትና የወረቀቱ ዋጋ ከገቢው ይበልጣል።

የግብር ምሕረት ሁለት ዓይነት ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። አንደኛው ተጽፎ ለድሃ የተሰጠ ነው። ሁለተኛውን ማንም አላወጀውም፤ ግምቱ ሳይታደስ ሲቀር ለሁሉም በዝምታ ተሰጠ። ከሁለተኛው ይበልጥ የተጠቀመው ማን እንደሆነ ማስላት አይከብድም። በደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ያላቸው ጡረተኛ እናት ያተረፉት ጥቂት ብር ነው። አስፋልት ዳር ፎቅ የሠራው ሰው ያተረፈው ግን ከእሳቸው ጋር አይወዳደርም። እንዲህ ያለው ምሕረት በየትኛውም በጀት ሰነድ ላይ ስለማይታይ ምክር ቤት አይወያይበትም፤ ዋጋውን ግን ከተማው በየዓመቱ ይከፍላል።

በምን ይከፍላል? በመሬት። ከቤት የማይገኘውን ገቢ ከሊዝ ለማግኘት ይሞከራል። የሊዝ ገንዘብ ግን እንደ ግብር በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ አይደለም። አንድ ቦታ አንዴ ከተሰጠ ቀጣዩን በጀት የሚሞላው ሌላ ቦታ ነው፤ ሌላውም ቦታ የገብስና የባቄላ ማሳ ነው። ደብረ ብርሃን በ1957 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ በ1999 ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎ የቢራ ፋብሪካዎች፣ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርክ እያገኘች ሄዳ በ2014 ሪጂዮፖሊታን ከተማ ተብላለች። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ወገኖች በቻይና ካምፕና በባቄሎ ተጠልለውባታል። ውኃው፣ መንገዱ፣ የቆሻሻ ማንሻው፣ የመብራት ምሰሶው ይህን ሁሉ ሰው ማዳረስ አለበት። ነባሩ ባለ ቤት በ1968 ዋጋ እየከፈለ ሲኖር ሸክሙ የሚያርፈው ማሳው በካሳ በሚወሰድበት ገበሬና ቤት መሥሪያ ቦታ ለማግኘት በሊዝ ጨረታ በሚንገላታው ወጣት ላይ ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም እላለሁ።

አንድን ወገን ነፃ ማድረግ ሸክሙን ወደ ሌላው እንደሚያዞረው አገራችን ከድሮም ታውቃለች። ለዚህ ከአንኮበር የተሻለ ምስክር የለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በዚያች ከተማ የንጉሡ ግቢ የሚኖረው በእህል፣ በማርና በከብት በሚገባ ግብር፣ ከታች በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ከሚያልፈው ንግድም በሚሰበሰብ ቀረጥ ነበር። በሸዋ የሰሞን መሬት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት፣ ማደሪያ ደግሞ ለባለሟልና ለወታደር በደመወዝ ፈንታ ይሰጥ ነበር። ከእነዚህ መሬቶች ወደ መንግሥት ጎተራ ያልገባው ሁሉ የሌላውን ባላገር ድርሻ ያከብድ ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በሸዋ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር ግብርና 35 ብር አሥራት ሲቆርጥ እንኳ የሰሞን መሬት ግብር የሚገባው ለቤተ ክርስቲያን ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ግን ቢያንስ የትኛው መሬት ለምን ነፃ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ሰሞኑ ሰሞን፣ ማደሪያው ማደሪያ ተብሎ ይጠራ ነበርና።

ዛሬ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ ናት። እንደ ደብረ ብርሃን ባለሀብት አይሻማባትም፣ በሊዝም ብዙ አታገኝም። እንዲህ ላሉ ትንንሽ ከተሞች የጣሪያና ግድግዳ ግብር ከትልልቆቹ ይልቅ ወሳኝ ነው፤ ጥቂት መቶ ቤቶች በእውነተኛ ግምት ቢከፍሉ ለአንድ ቦይ ወይም ለአንድ ቦኖ ውኃ የሚሆን ገንዘብ ከራሷ ኪስ ይወጣል።

ለባለ ቤት የግብር ምሕረት ማድረግ በሌላውም ዓለም ያለ ነገር ነው። በአሜሪካ ብዙ ክፍላተ አገር ሰው ራሱ ለሚኖርበት ቤት ከግምቱ የተወሰነውን ይቀንሱለታል። ካሊፎርኒያ በ1978 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ከዚህም አልፋ ግብሩን በ1 በመቶ ገደበች፤ ቤቱ ካልተሸጠ በቀር የግምቱ ዕድገትም በዓመት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነች። ወዲያው የአካባቢ አስተዳደሮች የንብረት ግብር ገቢ ከግማሽ በላይ ወረደ፤ ትምህርት ቤቶችና ከተሞች እጃቸውን ወደ ክፍለ አገሩ ግምጃ ቤት ዘረጉ። ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ስለተገዛ ብቻ፣ እጅግ የተለያየ ግብር ይከፍላሉ። የእኛ የ1968 ግምት ያለ አዋጅ ያመጣውን ውጤት እነሱ በድምፅ አመጡት።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ የንብረት ታክስን የመጣል ሥልጣን በ2015 ዓ.ም. በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ለክልሎች ተሰጥቷል። በጥር 2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። አዋጁ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ያስከፍላል፤ የሚሰላው ግን በሙሉው የገበያ ዋጋ ሳይሆን በ25 በመቶው ላይ ነው። 4 ሚሊዮን ብር የሚገመት ሕንፃ ታክስ የሚሰላበት በ1 ሚሊዮን ብር ነው ማለት ነው፤ በዝቅተኛው ምጣኔ 1,000 ብር፣ በከፍተኛው 10,000 ብር ይከፍላል።

አሁን የጠባሴዋን እናት እናስብ። በዙሪያቸው ከተማው አድጎ የቤታቸው ዋጋ ሳያስቡት ሰማይ ነክቷል፤ ጡረታቸው ግን ያው ጡረታ ነው። ለ300 ብሩ ወሰን ዛሬ ባለው ኑሮ ልክ ምትክ ሊጻፍለት ይገባል፤ ተጽፎም እንደ ቀድሞው እንዳይሞት በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት። ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ብሎ ለሚገኝ፣ ቤት እንጂ ገንዘብ ለሌለው ሽማግሌም መላ አለ። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዕድሜያቸው 55 የሞላ ባለ ቤቶች ግብራቸውን እንዲያቆዩ ትፈቅዳለች፤ ዕዳው በቤቱ ላይ ይመዘገብና ቤቱ ሲሸጥ ወይም ለወራሽ ሲተላለፍ ይከፈላል። እንዲያ ቢሆን እናታችን ካርታቸውን በፌስታል ይዘው በሐምሌ ዝናብ ሲወጡ፣ መስኮቱ ላይ የሚጠብቃቸው «ይቆይልዎት» የሚል ማኅተም ይሆናል።