ከወገብ በፊት የምትሸነፈው እጅ

ከባድ ብረት ከመሬት ለማንሣት የሞከራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። ወገብ ጸንቶ፣ እግር ተወጥሮ፣ ብረቱ ጉልበትን አልፎ ወደ ጭን ሲቃረብ ጣቶች አንድ በአንድ ይከፈቱና ሸክሙ ተመልሶ ከመሬት ይወድቃል። ሰውየውም ላቡን እየጠረገ «ወገቤ ደካማ ነው» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ፍርዱ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ የተሸነፈው ወገቡ ሳይሆን እጁ ነውና።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ነው። በሰፈሩ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ የውሃ ቧንቧ ዳርና ዳር በሲሚንቶ በተሞሉ ሁለት ጣሳዎች ላይ ተተክሎ የተሠራ ብረት አለ። ልጁ ይህን ብረት አንድ ዓመት ያህል ሲታገለው ቆየ። ጓደኞቹ በስፖርት ቤት ከዚያ የሚበልጥ ክብደት ሲያነሡ ባየ ጊዜ ግን «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» ብሎ ሊተወው ደርሶ ነበር። ሄጄ ቧንቧውን ለካሁት። አንድ ተኩል ኢንች የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውፍረቱ ከውጭ ሲለካ 48 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ለኦሊምፒክ ውድድር የሚሠራው የወንዶች ዘንግ ግን 28 ሚሊሜትር፣ የሴቶቹም 25 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

«ሃያ ሚሊሜትር ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?» የሚል ቢኖር የፓሪሱን ታሪክ ላጫውተው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «አፖሎን» በሚል ስም የታወቀው ፈረንሳዊ ጉልበተኛ ሉዊ ዩኒ በሕዝብ ፊት የሚያነሣው የባቡር መንኰራኵር ከነዘንጉ ነበረው። ክብደቱ 166 ኪሎ፣ የዘንጉም ውፍረት 49 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የተማሪዬን ቧንቧ ያህል ማለት ነው። አሜሪካዊው ጆን ዴቪስ በ1949 ይህንን ሊያነሣ ፓሪስ ላይ ቀረበ። ዴቪስ በ1948 በለንደን ኦሊምፒክ በከባድ ሚዛን ወርቅ ያገኘ፣ በውድድር ዘንግም ከ166 ኪሎ የሚበልጥ ከራሱ በላይ ያነሣ ሰው ነበር። ወፍራሙ ዘንግ ግን ደጋግሞ ከእጁ አመለጠው። በመጨረሻ አንዱን መዳፉን ወደ ራሱ፣ ሌላውን ወደ ውጭ አዙሮ ያዘና ብረቱ ወደ ላይ ሲወነጨፍ የተገለበጠውን እጁን በአየር ላይ ለቅቆ፣ አዙሮ፣ ከትከሻው ላይ ተቀበለው፤ ከዚያም ከራሱ በላይ ገፋው። የዓለሙን ሻምፒዮን ለዚህ ዘዴ ያበቃው የወገብ ድካም አልነበረም።

ሌላም ችግር አለ። የውድድሩ ዘንግ ክብደቱ የሚሰካበት ጫፉ ለብቻው ይሽከረከራል፤ የሲሚንቶው ጣሳ ግን ከቧንቧው ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ሲዞር ቧንቧውንም በመዳፍ ውስጥ ያዞረዋል። ቧንቧው ደግሞ ልሙጥ ነው፤ የውድድሩ ዘንግ እጅ እንዳያንሸራትት ሻካራ ሆኖ ተቀርጿል።

እንግዲህ እጅ እንዴት ይጠነክራል? ጣቶቻችንን የሚያጨብጠው ዋናው ጡንቻ ያለው በጣቶቻችን ሳይሆን ከክርን በታች በክንዳችን ውስጥ ነው፤ ኃይሉም በእጅ አንጓ በኩል በሚያልፉ ረጃጅም ጅማቶች ወደ ጣት ይደርሳል። እስቲ ይህን መጽሔት ለጊዜው አስቀምጡና አንጓችሁን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ጡጫ ለመጨበጥ ሞክሩ። ጅማቱ ስለሚላላ ጭብጡ ወዲያው ይደክማል። ብረት ስታነሡም አንጓችሁ ቀጥ ይበል።

ብዙ ሰው ዘንጉን ከመዳፉ መካከል አስገብቶ ይይዛል። ሸክሙ ሲከብድ ግን ዘንጉ ወደ ታች ወርዶ ቆዳውን አጥፎ መጁን ይገነጥለዋል፣ ጣቶቹንም ይከፍታቸዋል። መጀመሪያውኑ ከጣቶች ሥር አስቀምጣችሁ ያዙት፤ የመጨረሻው ማረፊያው እዚያው ነውና። አውራ ጣትን ከዘንጉ ጋር አጣብቆ ሌሎቹን ጣቶች በላዩ ላይ መጠምጠምም አለ። ይህ የመንጠቆ አያያዝ የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች የሚወዱት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን አውራ ጣትን ክፉኛ ያሳምማል። እንደ ዴቪስ አንዱን መዳፍ ገልብጦ መያዝ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ክርናችሁን ካጠፋችሁ በተገለበጠው እጅ በኩል ከክርን በላይ ያለው የፊት ጡንቻ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። ክርኑን ዘርጉት፤ እጁንም በየተራ አቀያይሩ።

ላብ ለሚያስቸግረው የማግኒዝየም ካርቦኔት ዱቄት ፍቱን ነው። (ከጥቁር ሰሌዳዬ ሥር ጠመኔ እየወሰዱ መዳፋቸውን የሚቀቡ ልጆች አሉ። የሰሌዳ ጠመኔ ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቼ ሆይ፣ እባካችሁ መልሱልኝ።)

ስለ ጠፍር ደግሞ የራሴን ልናዘዝ። ጣቶቼ 110 ኪሎ ላይ ይከፈቱ ስለ ነበር ዘንጉን ከአንጓዬ ጋር የሚያስር ጠፍር ገዝቼ 140 አነሣሁ፤ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም። ከዓመት በኋላ ጠፍሩን ረስቼ በሄድሁ ቀን ጣቶቼ እዚያው 110 ላይ ተከፈቱ! ወገቤ ሲያድግ እጄ ተኝቶ ነበር። ጠፍር ነውር አይደለም፤ እንግሊዛዊው ኤዲ ሆል በ2016 በሊድስ ከተማ 500 ኪሎ ከመሬት ሲያነሣ እጆቹ በጠፍር የታሰሩ ነበሩ። ነገር ግን ቀለል ያለውን ብረት ሁሉ በባዶ እጅ አንሥታችሁ ጠፍሩን ለመጨረሻው ከባድ ብቻ አቆዩት።

ለእጅ ልምምድ ውድ መሣሪያ አያሻም። ውሃ የተሞሉ ሁለት የ20 ሊትር ጀሪካኖች በእያንዳንዱ እጅ 20 ኪሎ ያህል ናቸው፤ ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። ከዚያም ከአንድ አግዳሚ ብረት ላይ ፎጣ ጣል አድርጋችሁ በፎጣው ተንጠልጠሉ፤ በዐሥር ሰኮንድ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሌላው ልምምድ በኋላ ይበቃል። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚጠነክር በክርን ውስጠኛ ጎን ሕመም ከተሰማችሁ ዕረፉ።

ተማሪዬን አንድ ቅዳሜ ወደ ስፖርት ቤት ወስጄ ባለ 28 ሚሊሜትሩን ዘንግ አስያዝሁት። በቧንቧው ካነሣው 25 ኪሎ የሚበልጥ በመጀመሪያው ሙከራ ከጭኑ አደረሰና እኔን ዞሮ አየኝ፤ ክብደቱ ተሳስቶ የተሰካ መስሎት ነበር። ቧንቧውን ግን አልጣለውም። አሁን ጨብጦ ለመቆየት ብቻ ይጠቀምበታል፤ እኔም አንዳንድ ቅዳሜ ሄጄ ሰዓት እየያዝን እንወዳደራለን። እስካሁን የሚቀድመኝ እርሱ ነው።