«ኔት ማፊ» ሲባል፦ ስለ ቤቱ ራውተር ጥቂት ማብራሪያ

 

ዓርብ ዓርብ እዚህ አቡ ሃሙር፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ፣ ከጸሎት በኋላ ስንገናኝ ከጤና ቀጥሎ የምንጠያየቀው «የእናንተ ቤት ኔት አለ?» እየተባባልን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ግቢ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ከአገር ቤት ጋር የምንገናኘው በካርድ ስልክ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩ ታላላቆቻችን ደግሞ ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው በተጓዥ ይልኩ ነበር። ዛሬ የእናት ድምፅ የሚመጣው ሳሎን ጥግ ከተቀመጠች አንዲት ትንሽ ሣጥን ነው። ስለዚህ ስለዚች ሣጥን በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅመናል።

አስቀድሜ የአንዲት እኅታችንን ገጠመኝ ልንገራችሁ። አገሯ ጎጃም ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 መጀመሪያ ላይ ለእናቷ በኢሞ ብትደውል አልነሣ አላት። በማግሥቱም እንዲሁ። ችግሩ የቤቱ ኢንተርኔት መስሏት ራውተሩን ነቀለችና መልሳ ሰካችው። ሲያቅታት ደግማ ነቀለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትነቅል የማዳሟ ልጅ ትምህርት ላይ ነበርና ተቋረጠበት። ማዳሟ ተቆጥታ ሣጥኑን ከሳሎን አንሥታ ወደ መኝታ ክፍሏ አስገባችው። ከዚያ ወዲህ ከቪላው ጀርባ ባለው የሠራተኛ ክፍል ዋይ ፋይ የሚባል ነገር አልደርስ አለ። የሚያሳዝነው ራውተሩ ምንም አልሆነም ነበር። በእነዚያ ቀናት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆይቷል። እኅታችን የጎጃሙን ችግር ዶሃ ላይ ስትፈልግ የነበራትንም አጣች።

ችግሩ ከየት እንደሆነ መለየት ከባድ አይደለም። ራውተርን እንደ ሰፈር ቦኖ አስቢው፤ ከዚህ በኋላ እንደ እኅት «አንቺ» እያልሁ ላውራሽ። ውሃው ከከተማው በትልቅ ቧንቧ ይመጣል፣ ቦኖው ደግሞ ለሰፈርተኛው ያከፋፍላል። ራውተሩም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ በገመድ የመጣውን ኢንተርኔት በአየር ለየስልኩ ያድላል። ስልክሽ ላይ የምታዪው የዋይ ፋይ ምልክት ሙሉ ከሆነ ለቦኖው ቅርብ ነሽ ማለት ብቻ ነው። ውሃው መምጣቱን አይነግርሽም። «ዋይ ፋዩ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም» የምትሉኝ ሁሉ ቦኖው አጠገብ ቆማችሁ ቧንቧው የደረቀባችሁ ናችሁ። ምልክቱ አንድ ሰረዝ ብቻ ከሆነ ግን አንቺ ከቦኖው ራቅሽ ማለት ነው። ሦስተኛም አለ፦ የአንቺ ቦኖ እየፈሰሰ የእናትሽ ሰፈር ቦኖ የደረቀ እንደሆነ። የጎጃሟ እኅታችን ጉዳይ ይህ ሦስተኛው ነበር።

ስለዚህ ጥሪው እምቢ ሲል ሣጥኑን ከመንካትሽ በፊት ሌላ ነገር ሞክሪ። አንድ ቪዲዮ ክፈቺ፣ ወይም እዚሁ ዶሃ ላለች ጓደኛሽ በዋትስአፕ ደውዪ። ከሠራ ራውተሩ ጤነኛ ነው፤ አትንኪው። ቀጥለሽ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ሞክሪ። እሱ ካነሣ ችግሩ በእናትሽ አካባቢ ነው ማለት ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ መቋረጥ አንድ ጊዜ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ተዘግቶ ነበር። በጁን 30 ቀን 2020 በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ደግሞ ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጣ የትግራይ እኅቶቻችን ምን ያህል እንደተጨነቁ እናስታውሳለን። የዶሃ ራውተር ቢነቀል ቢሰካ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። ኢንተርኔት ተቋርጦ መደበኛው የስልክ ጥሪ የሚሠራበት ጊዜ ግን አለና በቀጥታ መደወልን አትርሺ፤ ውድ ቢሆንም አንድ ደቂቃ «ደኅና ነን» ለማለት ይበቃል።

አሁን ችግሩ እውነት ከቤቱ ሣጥን ከሆነ ወደ መብራቶቹ ተመልከቺ። ብዙ የዶሃ ቤቶች ኢንተርኔት የሚያገኙት በፋይበር ነው። ፋይበር እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ሲሆን በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው። መስታወት ስለሆነም አይታጠፍም። የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ስትወለውዪ ያን ቀጭን ገመድ አጥፈሽ ከሣጥኑ ጀርባ ብትወትፊው፣ ወይም የሶፋ እግር ቢጫነው ብርሃኑ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ኤል፣ ኦ፣ ኤስ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የተጻፉበት መብራት ቀይ ይሆናል። ቀይ መብራት ካየሽ መንቀልና መሰካት አይጠቅምም፤ ገመዱ የታጠፈበት ቦታ ካለ ቀስ ብለሽ አቅኚው። ካልተመለሰ «ማዳም፣ ለይት አሕመር» ብለሽ አሳዪአት። ኩባንያው ጋ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት ስለ መብራቱ ነውና ይህን አይተሽ መንገርሽ ለአንቺም ጥሩ ነው፤ ከ«ሠራተኛዋ አበላሸችው» ያድንሻል።

ቀይ መብራት ሳይኖር ኢንተርኔቱ ቢዘገይ ወይም ቢቆም ግን፣ አስፈቅደሽ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ። ግማሽ ደቂቃ ቆይተሽ መልሰሽ ሰኪና እስከ አምስት ደቂቃ ታገሺ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም እያሉ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። በመካከል ደግመሽ ብትነቅዪ ከሀ ትጀምሪያለሽ።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ከሣጥኑ ጀርባ ወይም ከሥሩ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች፣ «ሪሴት» የሚል ተጽፎባታል። ማጥፊያና ማብሪያ እንዳትመስልሽ! አንዲት እኅት የቤቱ ትንሽ ልጅ «ይህን ተጫኚው፣ ይስተካከላል» ብሏት በጉትቻዋ ሽቦ አሥር ሰከንድ ያህል ተጫነችው። ሪሴት ማለት ሣጥኑ የተነገረውን ሁሉ ረስቶ ከፋብሪካ እንደወጣ እንዲሆን ማድረግ ነው። የዋይ ፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ተለወጠ። የቴሌቪዥኑ፣ የበሩ ካሜራና የሁሉም ስልክ ግንኙነት ተቋረጠ። አንዳንዱ ሣጥን ደግሞ የኩባንያው የደንበኛ ስም እንደገና ካልገባለት አይሠራም። በዚያ ቤት ቴክኒሻን እስኪመጣ ሁለት ቀን ኔት አልነበረም፤ ከደመወዝሽ ይቆረጣል እስከ መባልም ደርሳ በኋላ ባባ ምሯታል። ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ሣጥኑን ገልብጪና ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዪ፤ ከሪሴት በኋላ የሚሠራው ስምና የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ጽዳቱንም አንርሳ፤ የእኛው ሥራ ነውና። ራውተርን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጊ፣ የሚረጭ ነገር አትርጪበት። ዳንቴል ወይም ጨርቅ አታልብሺው፣ በላዩም ዕቃ አትደርድሪ። ቀዳዳዎቹ ሙቀቱ የሚወጣባቸው ናቸው። የዶሃ በጋ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ኤሲ የጠፋበት ክፍል ውስጥ ያለ ሣጥን በሙቀት ብቻ ሊዘገይ ወይም ራሱን እያጠፋ ሊያበራ ይችላል። ቤተሰቡ ለእረፍት ወጥቶ አንቺ ብቻሽን ስትቀሪ ይህን አስቢው።

ወደ ኋላው ክፍል እንመለስ፤ ብዙዎቻችን የምንቸገረው እዚያ ነውና። የዋይ ፋይ ሞገድ የብሎኬት ግድግዳን በጭንቅ ያልፋል። የብረት በር፣ ትልቅ መስታወትና የውሃ ታንከር ደግሞ ይመልሱታል ወይም ይውጡታል። ብዙ ቤት ውስጥ ሁለት ስም ይታያል፤ አንደኛው መጨረሻው ላይ «5ጂ» የሚል ነው። ስሙ ስለሚያምር ሁላችንም እሱን እንመርጣለን። ይህ ግን ኩባንያዎቹ የሚያስተዋውቁት የአምስተኛው ትውልድ የሞባይል መስመር አይደለም፤ 5 ጊጋኸርትዝ ማለት ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይበግረዋል። ሌላው፣ ያለ «5ጂ» የተጻፈው፣ 2.4 ጊጋኸርትዝ ነው። ቀርፋፋ ቢሆንም ሩቅ ይደርሳል። አንቺ ጀርባ ክፍል ከሆንሽ የሚበጅሽ እሱ ነው። ደካማ ጎን ግን አለው። ማይክሮዌቭም የሚሠራው በዚያው 2.4 አካባቢ ስለሆነ፣ ወጥ ቤት ሆነሽ እያወራሽ ምግብ ሲሞቅ ድምፁ የሚቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ እናቴ ላይ «ምነው አትሰሚኝም!» እያልሁ እጮህባት ነበር።

ሞገዱ ደካማ ከሆነ ቪዲዮውን አጥፍተሽ በድምፅ ብቻ አውሪ፤ ድምፅ ከቪዲዮ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው የሚፈልገው። ያም ካልሆነ የድምፅ መልእክት ቅጂ። ስልክሽ ውስጥ ተቀምጦ መስመር ሲያገኝ ይሄዳል፣ እናትሽም መስመር ሲመጣላት ትሰማዋለች። የዛሬ ካሴታችን በዪው።

ስለ ይለፍ ቃሉ ደግሞ ግልጽ እንሁን። ስልኩ የአንቺ ነው፣ ራውተሩ ግን የአሰሪዎችሽ። ከተፈቀደልሽ ለአንቺ ብቻ ነው የተፈቀደው። አንዲት እኅት ለጎረቤት ቤት ሠራተኛ፣ ያቺ ደግሞ ለሾፌሩ ሰጠች። የቤቱ ጌታ አንድ ቀን በስልኩ ላይ የራውተሩን ዝርዝር ከፍቶ ቢያይ አሥራ አራት ስልክ ተገናኝቷል። የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፣ ለእርሷም ሳይሰጣት ቀረ። ሳያስፈቅዱ በጎረቤት ዋይ ፋይ መግባትም ቀላል ነገር አይደለም፤ ኳታር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው የሳይበር ወንጀል ሕግ (ቁጥር 14) ያለ ፈቃድ ወደ ሰው መረብ መግባት ያስቀጣል። ራውተሩ «የእንግዳ» መስመር ሊከፈትለት የሚችል ከሆነ ማዳምን ያንን ጠይቂያት። ለብቻው ስምና የይለፍ ቃል ስላለው የቤተሰቡን ዕቃዎች አይነካም፤ እርሷም ትረጋጋለች። ይህን ሁሉ ገና ኮንትራት ስትፈርሚ መጠየቅ ደግሞ የተሻለ ነው።

«ማዳም በራውተሩ በኩል የምጽፈውን ታነባለች ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ባለቤቱ የስልክሽን ስም፣ መቼ እንደተገናኘሽና ምን ያህል እንደተጠቀምሽ፣ አንዳንዴም የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈትሽ ሊያይ ይችላል። ስልክሽንም ለብቻ ሊቆርጠው ይችላል። የዋትስአፕ ጽሑፍና ጥሪ ግን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተቆለፈ ነው፤ ራውተሩ አያነበውም። መጠንቀቅ ያለብሽ ስልክሽን ሰው እጅ ስትተዪ ነው። ዋትስአፕ ውስጥ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ክፈቺና የማታውቂው ኮምፒውተር ካለ አስወጪው። በመልእክት የሚደርስሽን የኢሞ ወይም የዋትስአፕ ኮድ ለማንም አትስጪ፣ ወንድምሽ ነኝ ቢልሽም። በቪዲዮ ስታወሪም ካሜራውን ወደ ግድግዳ አዙሪ፤ የቤቱን ሴቶችና ልጆች ማሳየት ከኔት በላይ የሆነ ጣጣ ያመጣል።

የራስሽ ሲም ካርድ ቢኖርሽ ከዚህ ሁሉ ነፃ ትሆኛለሽ። እዚህ ያሉት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ ቀድሞ ኪውቴል ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2013 ስሙን የለወጠው ኡሪዱ፣ እንዲሁም በ2009 ሥራ የጀመረው ቮዳፎን። ሲሙን በራስሽ መታወቂያ አውጪ፤ በሌላ ሰው ስም የወጣ መስመር ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ይዘጋዋል። የሳምንት እረፍትሽንም አስታውሺ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 15) በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት እረፍት ከነደመወዙ ይሰጥሻል፤ ለአገር ቤት ጥሪ ተረጋግቶ ለመቀመጥ የሚሻለው ያ ቀን ነው።

የጎጃሟ እኅታችን በመጨረሻ እናቷን ያገኘቻት በመደበኛ ስልክ ነው፣ ያውም በእናቷ ቁጥር ሳይሆን በአንድ የሰፈር ባለሱቅ ስልክ። ቁጥሩ ያለው ባሕር ዳር ያለ ወንድሟ ዘንድ ብቻ ስለነበር እስክታገኘው አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። አሁን የባለሱቁን፣ የወንድሟንና የአጥቢያቸውን አንድ ዲያቆን ቁጥር በወረቀት ጽፋ ከመታወቂያዋ ጋር ይዛለች። ከእናቷም ጋር ኢሞ ከሦስት ቀን በላይ ከጠፋ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለሱቁ ጋ እንዲገናኙ ተቀጣጥረዋል። ራውተሩ ግን እስካሁን መኝታ ክፍል ነው። ባለፈው ዓርብ ማዳሟን ወደ ኮሪደሩ እንድታወጣው እንዴት ብላ እንደምትጠይቃት ስንመካከር አመሸን።